ፕላን የምትልኩ ልጆች፣ ተቀባዩን አስቡ

ልጆቼ፣ በኮምፒውተር ፕላን የምታወጡ፣ ቤቱንና መንገዱን ገና መሬት ሳይነካ በመስመር የምታቆሙ ሁሉ፣ ዛሬ ላዋያችሁ የምፈልገው ስለ ሥዕሉ ጥበብ አይደለም። እሱን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ እጃችሁ ፈጣን፣ ዓይናችሁም ንቁ ነው። የማዋያችሁ ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ስለምትመጣው አጭር ጊዜ ነው፤ ፋይሉ ስም ተሰጥቶት፣ ተቀምጦ፣ ወደ ሌላ ሰው ስለሚሄድባት ጊዜ። በዚያች ጊዜ ሰው ይደክመዋል፤ ይቸኩላል፤ "ተገላገልኩ" ብሎ ይተነፍሳል። ሥራው ግን አላለቀም። ፕላን አለቀ የሚባለው ሌላው ሰው ከፍቶ፣ አንብቦ፣ እናንተ ያያችሁትን ያንኑ ሲያይ ነው።

"ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ" ይባላልና ከሥሩ እንነሣ። ከአርክቴክቱ እስከ ቀያሹ ብዙዎቻችሁ የምትሠሩት በአውቶካድ ስለሆነ ነገሬን በእሱ ላይ አደርጋለሁ። አውቶካድ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1982 መጨረሻ ለገበያ ወጣ። ሥዕሉን የሚያስቀምጥበት የራሱ ፋይል አለው፤ በስሙ ጫፍ ላይ ዲ ደብሊው ጂ የሚል ቅጥያ የምታዩበት ማለት ነው። ያ ቅጥያ ከጥንት እስከ ዛሬ አልተለወጠም፤ ውስጡ ያለው አጻጻፍ ግን ደጋግሞ ተለውጧል። ቨርዥን 2000 አንድ አጻጻፍ ነበረው። በ2004 ሌላ መጣ፤ በ2007፣ በ2010፣ በ2013 እንደገና ተቀየረ፤ በ2018 ደግሞ ዛሬ ብዙዎቻችሁ የምትጠቀሙበት ገባ። በመካከል የወጡት ከፊታቸው የነበረውን ይጋራሉ። 2014፣ 2015፣ 2016ና 2017 ሁሉም የሚጽፉት በ2013 አጻጻፍ ነው። 2019ም ይሁን 2024 የሚጽፈው በ2018 ነው።

ይህችን ማወቅ ስንቱን ጭቅጭቅ ታስቀራለች! 2024 ያለው ልጅ 2019 ላለው ባልደረባው ሲልክ፣ በቁጥር አምስት ቢራራቁም፣ ምንም ዝቅ ማድረግ አያስፈልገውም። 2018 ያለው 2017 ላለው ሲልክ ግን የአንድ ዓመት ልዩነት በሩን ይዘጋዋል። ስለዚህ በቁጥሩ ቅርበት አትታለሉ፤ የሚያገናኘው ወይም የሚለየው አጻጻፉ ነው።

ሌላም ነገር አለ። አዲሱ ቨርዥን የአሮጌውን ያነባል። በ1997 በወጣው ሪሊዝ 14 የተቀመጠ ፕላን ፋይሉ ካልተበላሸ በቀር ዛሬም ይከፈታል። አሮጌው ግን እሱ በተሠራ ጊዜ ያልነበረውን አጻጻፍ ከየት ያውቀዋል? እንዲያውም አንዳንዱ አሮጌ ቨርዥን የማያውቀው ፋይል ሲመጣበት "ይህ ፋይል ልክ አይደለም" ይላል እንጂ "እኔ አርጅቻለሁ" አይልም። ተቀባዩም ፋይሉ ተበላሽቷል ብሎ ያስባል፤ "እንደገና ላክልኝ" ይላል፤ ላኪው ያንኑ መልሶ ይልካል፤ ሁለቱም ቀኑን በስልክ ያሳልፋሉ። ሸክሙ ሁልጊዜ የሚያርፈው አዲሱን በያዘው ላይ ነው። ዝቅ ማለት የሚችለው ከፍ ያለው ነውና።

ድግስ ደግሳችሁ ታውቃላችሁ። ከእንግዶቹ መካከል ጿሚ እንዳለ የሰማች ባለሙያ ሴት ዶሮ ወጧን አታስቀርም፤ ጎን ለጎን ሽሮውንና ምስር ወጡን ትሠራለች። ጿሚውን "ለምን ጾምክ" ብላ አታሳፍረውም፤ ለሁሉም ብላ የዶሮውን ድስት አታበላሽም፤ ጭልፋውንም ከአንዱ ወደ አንዱ አታዘዋውርም። ለእያንዳንዱ የሚበላውን ታቀርባለች። ፋይልም እንዲሁ ነው። ዋናው ሥዕላችሁ በሙሉ ቨርዥኑ፣ ከነሙሉ ይዘቱ፣ በቦታው ይቀመጥ። ለተቀባዩ ደግሞ እሱ የሚከፍተውን ቅጂ ለብቻው አዘጋጁለት። ድስቶቹን አታደባልቁ።

መደባለቁ የሚመጣው በየት በኩል እንደሆነ ልንገራችሁ። ሴቭ አዝ ስትሉ ከታች የፋይል ዓይነት የሚመረጥበት ቦታ አለ፤ ከ2018 ጀምሮ ወደ ኋላ 2013ን፣ 2010ን፣ 2007ን፣ 2004ን፣ 2000ን፣ እስከ ሪሊዝ 14 ድረስ ይዘረዝርላችኋል። መርጣችሁ ታስቀምጣላችሁ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ግን ስክሪናችሁ ላይ የተከፈተው ዋናው ሥዕል መሆኑ ቀርቷል፤ የተከፈተው የእንግዳው ቅጂ ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው ቅጂውን በኢሜይል ይልክና እዚያው ላይ መሥራቱን ይቀጥላል። ግድግዳ ያንቀሳቅሳል፤ በር ይጨምራል፤ ልኬት ያርማል። በሳምንቱ ዋናውን ሲከፍት የሳምንቱ ሥራ የለበትም። የባሰው ደግሞ ስሙን ሳይለውጥ፣ በዚያው ፎልደር፣ በዋናው ላይ ደርቦ ያስቀምጠዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

እንግዲያው ዝቅ የሚለውን ቅጂ ለብቻው ፎልደር አድርጉለት፤ በስሙም መጨረሻ ላይ ቨርዥኑንና ቀኑን ጻፉበት። ከላካችሁ በኋላ ዝጉት፤ ዋናውን እንደገና ክፈቱ። በዋናው ላይ ደርቦ ያስቀመጠ ቢኖር ቶሎ ቢደርስ አንድ መውጫ አለው። አውቶካድ ፋይል ባስቀመጠ ቁጥር የቀደመውን በዚያው ፎልደር ባክ በሚል ቅጥያ ያኖረዋል፤ ቅጥያውን ወደ ዲ ደብሊው ጂ ብትለውጡት ይከፈታል። ነገር ግን ባኩ የሚይዘው ያለፈችውን አንዲት ማስቀመጫ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ ሴቭ ስትሉ ያም ይሄዳል። ስለዚህ ስሕተቱን ያየ ሰው እጁን ከኪቦርዱ ያንሣ፤ አንዳች ነገር ከማስቀመጡ በፊት ባኩን ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጥ። ከዚያ ወዲያ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።

አንዳንድ ቢሮ ደግሞ ሌላ ዘዴ ይዟል። ኦፕሽንስ ውስጥ ኦፕን ኤንድ ሴቭ በሚለው ገጽ ላይ ማሽኑ ምንጊዜም በ2010 ወይም በ2007 እንዲያስቀምጥ ያዙታል። ቢሮው በሙሉ ተነጋግሮ፣ ሁሉም የሚጠቀምበትን አንድ አጻጻፍ መርጦ ከሆነ መልካም ነው፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። አንድ ሰው ለብቻው ነገር እንዲቀልለው ብሎ ካደረገው ግን አልወደውም። ማንም ሳይጠይቀው በየቀኑ ሥራውን እያጎደለ ያስቀምጣልና።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። እስካሁን ስለማይከፈት ፋይል ነው የተናገርኩት። የማይከፈት ፋይል ይጮኻል፤ ሰው ይደውላል፤ ይታረማል። እኔ ከእሱ ይልቅ የምፈራው ተከፍቶ የጎደለውን ነው። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል። ዝቅ ያለ ቅጂ ሲከፈት መስመሩ አለ፤ ግድግዳው አለ፤ ሁሉም ደህና ይመስላል። ነገር ግን በአዲሱ ዘመን የመጡ ነገሮች አሮጌው ዘንድ ስም የላቸውም። ሰንጠረዥን እንደ አንድ ነገር መሥራት የመጣው በቨርዥን 2005 ነው። እንደ ፍላጎት የሚሰፋና የሚጠብበው ዳይናሚክ ብሎክ በ2006 መጣ። መልቲሊደር የምትሉት የቀስት ማብራሪያ፣ ከስኬሉ ጋር መጠኑ የሚለዋወጠው አኖቴቲቭ ጽሑፍም በ2008 ነው የገቡት። እነዚህን የማያውቅ ቨርዥን ዳይናሚኩን ብሎክ እንደ ተራ ብሎክ ያየዋል። ለየስኬሉ የተዘጋጀውን ጽሑፍ በተለያየ ሌየር ተበትኖ ያገኘዋል። ቀለሙም እንዲሁ ነው፤ ከ2004 በፊት አውቶካድ የሚያውቀው በቁጥር የተወሰኑ ቀለሞችን ብቻ ስለነበረ፣ ወደ 2000 የወረደ ሥዕል በቅርብ ቀለም ተተክቶ ይታያል። ቀለም ደግሞ በእኛ ሥራ ጌጥ አይደለም። ብዙ ቢሮ የመስመሩን ውፍረት የሚያወጣው በቀለሙ ነው። ቀለሙ ሲለወጥ ቀጭን መሆን የሚገባው መስመር ወፍራም ሆኖ ይታተማል፤ የግድግዳ መስመር ከልኬት መስመር ጋር ይመሳሰላል፤ ሳይት ላይ ያለው ሰው ያንን ያነባል።

መንገድ የምትሠሩ፣ ሲቪል ስሪ ዲን የምትጠቀሙ ልጆች፣ ይህ ለእናንተ ይብሳል። እናንተ የምትሠሩት የመሬት ገጽ፣ አላይመንትና ፕሮፋይል ተራ መስመር አይደለም፤ ፕሮግራሙ ብቻ የሚያውቀው ነገር ነው። ተራ አውቶካድ ያለው ሰው ሲከፍተው ከላይ ከላይ ምስሉን ያያል እንጂ ውስጡን አይነካውም፤ አንዳንዴም ባዶ ሳጥን ብቻ ያያል። ቨርዥኑን ዝቅ ማድረግ ብቻውን ይህን አያድንም። ኤክስፖርት ቱ አውቶካድ የሚለው ትእዛዝ ሁሉንም ወደ መስመርና ወደ ጽሑፍ ፈትቶ፣ ቨርዥኑንም አስመርጦ ለብቻው ያስቀምጥላችኋል። የተፈታው ቅጂ እንግዲህ ሕይወት የለውም፤ ከፍታ ብትለውጡ ፕሮፋይሉ አይከተልም። ለማንበብና ለማተም ይበቃል። ዋናው ከእናንተ አይውጣ።

ስለ ግዕዝ ጽሑፍ ሳልናገር ባልፍ ጎዶሎ ይሆናል። የሳይት ፕላን ርእስ፣ የወረዳና የቀበሌ ስም፣ የክፍሎች መጠሪያ በአማርኛ የምትጽፉ ብዙ ናችሁ፤ ደግም አደረጋችሁ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እንደ ፈረንጆች በ1999 ነው። የአውቶካድ ፋይል ራሱ ጽሑፉን በዩኒኮድ ማስቀመጥ የጀመረው ደግሞ በቨርዥን 2007 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ጽሑፎች በአብዛኛው የተጻፉት የላቲንን ፊደል ቦታ በያዙ ፎንቶች ነው። ያ ፎንት በሌለበት ማሽን ላይ "መኝታ ቤት" የሚለው የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሆኖ ይወጣል። በዛሬው ዩኒኮድ የተጻፈው ደግሞ ፊደሉን የሚያውቅ ፎንት ካላገኘ የጥያቄ ምልክትና ባዶ ሳጥን ይሆናል። ስለዚህ አማርኛ ያለበትን ፕላን ከተቻለ ከ2007 በታች አታውርዱ፤ ግድ ከሆነም አውርዳችሁ ጽሑፉን አንድ በአንድ አንብቡት። ፎንታችሁንም ዊንዶውስ ራሱ ይዞት ከሚመጣው ምረጡ፤ ኢብሪማን የመሰለ። የኤስ ኤች ኤክስ ፎንት ለእንግሊዝኛው ቀላልና ፈጣን ነው፤ ከአውቶካድ ጋር ከሚመጡት መካከል ግን የእኛን ፊደል የሚጽፍ አታገኙም።

ሌላው ብቻውን የሚሄድ ፋይል ነው። ዛሬ ፕላን አንድ ፋይል አይደለም። የአርክቴክቱ ሥዕል እንደ ኤክስሬፍ ተያይዞ ከስትራክቸሩ ሥር አለ፤ ከእሱም ሥር የቀያሹ አለ፤ ምስልም፣ የማተሚያ ቅንብርም፣ ፎንትም ከዳር ተያይዟል። ዋናውን ብቻ ዝቅ አድርጋችሁ ብትልኩ፣ የተያያዘው በ2018 አጻጻፍ ከቀረ ተቀባዩ ዘንድ አይነበብም፤ በሕንፃው ቦታ ባዶ ሜዳ ያያል። ለዚህ ሲባል ኢትራንስሚት የሚባል ትእዛዝ ተሠርቷል። የተያያዘውን ሁሉ ሰብስቦ፣ ሁሉንም ወደምትመርጡት ቨርዥን አውርዶ፣ በአንድ ዚፕ ያስረዋል። ፎንት ጨምር የሚለውን ምልክት ግን ራሳችሁ አድርጉበት፤ ሳታዙት አይጨምርም። ይህ ትእዛዝ በብዙዎቻችሁ ማሽን ውስጥ ለዓመታት ተቀምጦ ማንም አልነካውም። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል።

የተላከላችሁ ፋይል አልከፈት ቢላችሁም ወዲያው ላኪውን አትውቀሱ። በኖትፓድ ክፈቱት፤ መጀመሪያ ላይ ኤሲ ከሚለው ቀጥሎ አራት አኃዝ ታያላችሁ። 1032 ከሆነ የ2018 አጻጻፍ ነው፤ 1027 የ2013፣ 1024 የ2010፣ 1021 የ2007፣ 1018 የ2004፣ 1015 የ2000 ነው። አይታችሁ ሳታስቀምጡ ዝጉት፤ ኖትፓድ ሴቭ ካደረገው ፋይሉ ይጠፋል። ዲ ደብሊው ጂ ትሩ ቪው የሚባለውን ፕሮግራም የአውቶካድ ባለቤት የሆነው አውቶዴስክ በነፃ ይሰጣል፤ ፋይል ከፍቶ ያሳያል፤ ወደ ታች ቨርዥንም ይለውጣል። እንደ ፈረንጆች በ1998 የተመሠረተው ኦፕን ዲዛይን አሊያንስም እንዲሁ በነፃ የሚገኝ መለወጫ አለው፤ ሙሉ ፎልደር በአንድ ጊዜ ያወርዳል። እነዚህን በፍላሽ ይዞ የሚዞር ሰው ማንንም አይለምንም።

የተቀባዩን አሮጌ ቨርዥን አትናቁበት፤ ይህን በብርቱ እነግራችኋለሁ። እንደ ፈረንጆች ከ2016 ወዲህ አውቶካድ የሚሸጠው በየጊዜው በሚታደስ ክፍያ ነው፤ ቀድሞ አንዴ ከፍሎ የገዛ ሰው ያንኑ ይዞ ቢቀመጥ ምክንያት አለው። የሌላው ማሽን አዲሱን አይሸከም ይሆናል። አንዱ ብረት ቆራጭ ነው፤ ልኬት ከማንበብ በቀር ሌላ ሥራ የለውም። "ቨርዥንህን አሳድግ" ብሎ መመለስ ቀላል ነው። በዚያ መካከል ግን ሳይት ላይ ቤቶን ይሞላል። ተቀባዩ አዲሱ ፋይል አልከፈት ሲለው እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ ባለፈው ወር የተላከለትን አሮጌውን ፕላን አውጥቶ ሥራውን ይቀጥላል። አምዱ በተሻረው ቦታ ይቆማል። ቤቶኑ ከጠነከረ በኋላ "እኔ ልኬልህ ነበር" ብሎ መከራከር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ጥፋቱ ስንፍና አልነበረም፤ አንድ ጥያቄ አስቀድሞ አለመጠየቅ ነበር።

ሬቪት የተባለውን የሕንፃ ሞዴል መሥሪያ ፕሮግራምም የማነሣው ከሌላው የተለየ ስለሆነ ነው። አውቶካድ ወደ ኋላ መመለሻ መንገድ አለው፤ ሬቪት የለውም። የቆየውን ፋይል በአዲሱ ስትከፍቱት ያሳድገዋል፤ ካስቀመጣችሁት በኋላ አሮጌው ዳግም አይከፍተውም፤ ሴቭ አዝ ውስጥም ወደ ታች ቨርዥን የሚል ምርጫ የለም። አርኪካድ ወደ ቀደመው አንድ ቨርዥን ይመልሳል፤ ሬቪት ያንንም አይፈቅድም። አይ ኤፍ ሲ የተባለው፣ በአይሶ 16739 የተደነገገው የጋራ ፎርማት ቅርጹንና መረጃውን ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም ያሻግራል፤ የሄደው ግን ተመልሶ እንደ ቀድሞው የሚታረም የሬቪት ሞዴል አይሆንም። ስለዚህ በሬቪት የሚሠራ ቡድን ከአርክቴክቱ እስከ ኤሌክትሪክና ሳኒተሪ መሐንዲሱ በአንድ ቨርዥን ላይ ይስማማ፤ ፕሮጀክቱ እስኪያልቅም ይታገሥ። አዲስ ቨርዥን ወጣ ብሎ በመካከል የሚዘል ልጅ፣ አዲሱ መልካም ቢሆን እንኳ፣ ባልደረቦቹን ከኋላው ዘግቶ ይሄዳል። ማሳደግ ግድ ከሆነ ሁሉም በአንድ ቀን፣ የአሮጌውን ቅጂ ለብቻው አስቀምጠው ያድርጉት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

በውጭ ያላችሁም፣ በዋሽንግተን ወይም በዱባይ ተቀምጣችሁ ለወገናችሁ በአገር ቤት የሚሠራ ቤት ፕላን የምታወጡ፣ ይህ ይመለከታችኋል። ከዚያ የምትልኩት ፋይል እዚህ የሚከፈተው በምን እንደሆነ ጠይቁ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ሥዕሉን በኢንች ጀምራችሁት እንደሆነ፣ እዚህ የሚሠራው በሜትርና በሚሊሜትር ነውና፣ ከመላካችሁ በፊት መለኪያውን አስተካክሉ፤ ቨርዥኑ ተስማምቶ መለኪያው ቢለያይ ምን ይጠቅማል።

ከዝቅታውም በፊት፣ ከዝቅታውም በኋላ ማድረግ የሚገባችሁ አለ። ከመቅዳታችሁ በፊት ኦዲት ብላችሁ ፋይሉን ፈትሹ፤ የማያስፈልገውን በፐርጅ አጽዱ፤ የታመመ ፋይል ዝቅ ሲል ሕመሙ ይብስበታል። ቅጂው ከወጣ በኋላ ደግሞ ራሳችሁ ክፈቱት። ከተቻለ በአሮጌ ቨርዥን፣ ካልተቻለም በትሩ ቪው እዩት፤ ልኬቶቹን፣ ሰንጠረዡን፣ አማርኛውን፣ ሌየሮቹን ተመልከቱ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ከፋይሉም ጋር ሁልጊዜ ከዋናው የወጣ ፒዲኤፍ ላኩ፤ በትክክለኛው ስኬል የታተመ። ዝቅ ባለው ቅጂ ላይ አንዳች ቢጎድል ተቀባዩ ከፒዲኤፉ ጋር አስተያይቶ ያውቀዋል። ይህች ትንሽ ልማድ ብዙ ቤት ታድናለች ብዬ አምናለሁ፤ ከሁሉም አብልጬ የምመክራችሁም እሷን ነው።

ሕንፃ ከፕሮግራም ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለው። ዛሬ ፕላኑን ያወጣችሁለት ቤት ከሠላሳና ከዐርባ ዓመት በኋላ ፎቅ ይጨመርበታል፤ ቧንቧው ይቀየራል፤ የልጅ ልጅ ይወርሰዋል። ያኔ የሚመጣው መሐንዲስ የእናንተን ፋይል ይፈልጋል። ፕሮጀክት ሲጠናቀቅ ለማኅደር የምታስቀምጡት ዲ ደብሊው ጂውን ብቻ አይሁን። ዲ ኤክስ ኤፍም አብሮ ይቀመጥ፤ እሱ እንደ ጽሑፍ የሚነበብ ስለሆነና አጻጻፉም በይፋ የታተመ ስለሆነ ሌሎች ብዙ ፕሮግራሞች ይከፍቱታል። ፒዲኤፉንም ለማኅደር ተብሎ በአይሶ 19005 በተደነገገው ፒዲኤፍ ኤ አድርጉት፤ ይህ ዓይነት ፎንቱን በውስጡ ይዞ ስለሚቀመጥ አማርኛው አይጠፋም። በፍሎፒ የተቀመጠ ስንት ፕላን ዛሬ ማንበቢያው ጠፍቶ በየመሳቢያው ተኝቷል! በአንድ ቦታ አታስቀምጡ፤ ማስቀመጫው ሲያረጅም ወደ አዲሱ ገልብጡ። ሳይቃጠል በቅጠል።

አለቆች የሆናችሁ ደግሞ ይህን ለጀማሪው ልጅ ትከሻ አትተዉት። ፕሮጀክት ሲጀመር በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ የእያንዳንዱን ባለሙያ ቨርዥን ጠይቃችሁ ጻፉ፤ የምትለዋወጡበትን አንዱን አጻጻፍ ወስኑ፤ ውሉ ላይ ወይም ቃለ ጉባኤው ላይ አስፍሩት። በመካከል የገባ ሰው ቢኖር እሱንም ጠይቁ። "ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው" ይላሉ፤ እኔ ግን የመከራው ምክር ለማንኛችሁም እንዲደርስ አልፈልግም፤ የሚከፍለው ላኪው ብቻ ሳይሆን ቤቱን የሚያሠራውም ነውና።

እናንተም ልጆቼ፣ ዛሬ ማታ ልትልኩት ያዘጋጃችሁት ፋይል ካለ፣ ከመላካችሁ በፊት ስልኩን አንሡና "በየትኛው ቨርዥን ልላክልዎት?" ብላችሁ ጠይቁ።